ኡምኩልሱም አልጭንም ያለችው ዜና

መካነ ሰላም ውስጥ ኡምኩልሱምን የማይወዳት ሰው ብዙ ነው። እኔም ከእነሱ አንዱ ልሆን ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ አንድ በረንዳ ላይ ነው የምንሠራው። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሷ ሚሞሪ ትጭናለች። የእኔ መኪና ይንኳኳል፣ የእሷ ድምጽ ማጉያ ይጮኻል። ቀንሺው ስላት «ጋሽ ምንይችል፣ እርስዎ መኪናዎን ዘይት ቢያጠጡት ያንሳል?» ትለኛለች። ይሉኝታ ሲታደል ወረፋ አልያዘችም።

ሥራዋን ለማያውቅ ልንገር። የእኛ አገር ኢንተርኔት ዛሬ አለ ሲሉት ነገ የለም፤ ገጠር ደግሞ ሲኖርም የለም። ስለዚህ የገበያ ቀን ከወግዲም ከከላላም የመጣ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ ሲያበቃ ስልኩን ይዞ እሷ ጋ ይሰለፋል። አንዱ መንዙማ፣ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ድራማ ያስጭናል። እሷ ከኮምፒውተሯ ትገለብጥለታለች፣ እሱ አገሩ ሄዶ ለጎረቤቱ ያጋራል። በየቤቱ የሚሰማው ነገር ግማሹ በኡምኩልሱም ጣት ያለፈ ነው ብል አላጋነንኩም። አሁን አሁን ደግሞ ሰው ከዘፈን ይልቅ የሚጠይቃት «ጤና» የሚለውን ሆኗል። ነጭ ሽንኩርት ለደም ግፊት፣ ሎሚ ለካንሰር፣ ምኑ ቅጡ።

የወግዲ ልጅ ናት። በልጅነቷ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ሠርታለች። ስትመለስ ቤተሰቡ ለወንድሟ ቤት ትሠራለች ብሎ ቦታ ለክቶ ይጠብቃት ነበር። እሷ ኮምፒውተር ገዛች። አጎቷ «ሴት ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የወንድ ስልክ ስትነካካ ልትውል ነው?» ቢላት «እርስዎም ያምጡት፣ እነካካልዎታለሁ» አለችው። ሰውዬው ተቆጥቶ ሄደ፣ በሌላው ገበያ ግን ስልኩን ይዞ መጣ። ይህን የምነግራችሁ ሰው ሲከፋባት ደንገጥ የምትል ሴት እንዳልሆነች እንድታውቁ ነው።

እንግዲህ ያ ዜና መጣ። ከደሴ በመጣ አንድ የሚኒባስ ረዳት ስልክ ነው የገባው። ሲጀምር «ሰበር የጤና ዜና» ይላል፣ ከበሮ ይደልቃል። ከዚያ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ የልብ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰውዬ ብቅ ይላል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ትከሻውን ነው። ጋውኑ የራሱ አይደለም፤ የትከሻው ስፌት ክንዱ ላይ ወርዷል። ሰውዬው ግን አያፍርም። የዓለም ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል ይላል፤ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በማር የወሰደ ሰው የስኳር በሽታው ከሥሩ ይነቀላል፤ መርፌ የሚሰጧችሁ የዕድሜ ልክ ደንበኛ ሊያደርጓችሁ ነው፤ ዛሬውኑ ጣሉት ይላል። ካስመለሳችሁም አትደንግጡ፣ ስኳሩ እየወጣ ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች «ድነናል» እያሉ ያለቅሳሉ። እውነቱን ልናገርና እነሱ ሲያለቅሱ የእኔም ሆድ ባባ።

ዜናው በመጣ በሳምንቱ ሸቀጥ ነጋዴው ኪዳነማርያም ጠርሙሶቹን ደጁ ላይ ደረደረ። ዘይቱን ሲሸጥ «ነቢዩ ራሳቸው ከሞት በቀር ለሁሉም ፈውስ ነው ብለውለታል» ይላል፣ አንገቱ ላይ ማተቡን አስሮ። ወሎ ነውና ማንም አልገረመውም። ደግሞ ሰውዬው አያጭበረብርም፤ ከልቡ አምኖበት ነው። ራሱም ጧት ጧት በማንኪያ ይጠጣል። ስኳር ግን የለበትም።

ኡምኩልሱም መጀመሪያ ላይ እንደ ማንኛውም ነገር ትጭነው ነበር። የተለወጠችው ስመኝ የመጣች ቀን ነው።

ስመኝ የከላላ ሰው ናት። ትልቋ ልጇ አበቡ ኩዌት ትሠራለች፣ በእሷ ብር እዚህ ቤት ተከራይተው ትንሿ ትንሳኤ ትማራለች። ትንሳኤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። መካነ ሰላምን የመረጡትም ሆስፒታሉ እንዲቀርባት ብለው ነው።

«ያችን የስኳሯን ጫኝልኝ እስቲ» አለች ስመኝ ስልኳን እየሰጠቻት። «አበቡም ድምጽ ልካልኛለች። እማ፣ መርፌውን ተይው፣ እዚህ ሁሉም የሚያወራው ስለሱ ነው አለችኝ። እንግዲህ ያችን ልጅ ላሳርፋት ነው።»

የኡምኩልሱም እጅ ቆመ። «ትንሳኤ ክኒን ትወስዳለች ወይስ መርፌ ብቻ ነው?»

«ክኒን ምን አላት! ከሕፃንነቷ ጀምሮ መርፌ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው አልጭንም።»

«ምን አልሽ?»

«አልጭንም እትዬ ስመኝ። ወላሂ ሀኪም ሳልጠይቅ አልጭንም። እርስዎም እስክጠይቅ ድረስ መርፌውን እንዳይነኩባት።»

ስመኝ ስልኳን መንጭቃ ወሰደች። «አንች ደግሞ መቼ ነው ሀኪም የሆንሽው? ልጄ በሰው አገር ተቃጥላ የላከችልኝን ቃል አንች ልትሽሪው ነው?»

ይህን ቁጣ ያልተረዳ ሰው የእኛን አገር አያውቅም። ኩዌት ያለ ልጅ በድምጽ የላከው ነገር እዚህ ወሬ አይባልም። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ታናሹን ያስተማረ፣ ለአባቱ ተዝካር ለእናቱ መታከሚያ የላከ ልጅ ነው የተናገረው። እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ልጁን ማዋረድ ይመስላል። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። ልጁም እዚያ ማዶ ሆኖ ከሌላ ሰው ስልክ ያየውን ነው የሚልከው። ዜናው እንዲህ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ የልጅ ፍቅር ለብሶ ይመለሳል። ንዴቴ ይህን ሳስብ ነው የሚነሳው።

ኡምኩልሱም ገበያው መሀል ሱቋን ዘግታ ሆስፒታል ሄደች። ሀያት የምትባል ነርስ አለች፣ የስኳርና የግፊት ታማሚዎችን የምትከታተል። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አሳየቻት። ውሸት ነው እንድትላትና እንድትገላግላት ነበር የፈለገችው።

ሀያት ግን «ጥናትማ አለ» አለቻት።

«ምን?»

«አለ። አንዱ በአይጥ ላይ የተሠራ ነው። ሌላው በሰው ነው፣ ክኒን በሚወስዱ ትልልቅ ሰዎች። ክኒናቸውን ሳያቋርጡ ዘይቱን ጨመሩበት፣ ስኳራቸው ትንሽ ዝቅ አለ። በቃ ይሄው ነው። መድኃኒት ጣሉ ያለ አንድም አላየሁም።»

«እንደ ትንሳኤ ያለችውስ?»

«የእሷ ሌላ ነው። የእሷ ሰውነት ኢንሱሊኑን ጨርሶ አይሠራም። መርፌው ካልሰጣት ከየትም አታገኘውም። ካቆመች በቀናት ውስጥ ነው የምትወድቀው።»

ሀያት እዚያው ሆና ለስመኝ ደወለችላት፣ ሁሉንም አስረዳቻት። ስመኝ «እሺ» አለች። እኛ አገር እሺ ማለት አንዳንዴ ስልኩን ዝጊው ማለት ነው።

ኡምኩልሱም ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። «ሙሉ ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «ከአንድ እፍኝ እውነት ላይ አንድ ቁና ውሸት አፍስሶበታል። አሁን ይሄን ማን ይለየዋል?» ከዚያ ካርቶን ቀድዳ በወፍራሙ ጻፈችና ደጇ ላይ ለጠፈች፦ ስኳር ይነቅላል የሚለው ዜና እዚህ አይጫንም።

ገበያተኛው ተቆጣ። «ገንዘቤን ነው የምከፍለው፣ ምን አገባት?» ያለ አለ። «የከተማ ሰው መድኃኒቱን ለብቻው ሊይዘው ነው» ያለም አለ። ማዶ የአብዱራህማን ሱቅ አለ፣ እሱም ሚሞሪ ይጭናል፣ ሰዉ ወደዚያ ተሻገረ። የእሷ ወንበሮች ባዶአቸውን ቀሩ። እኔም ትልቅ ሰው ነኝና መከርኳት። «ተይው ልጄ። አንች ባትጭኝው አብዱራህማን ይጭነዋል። ዜናውን አላቆምሽው፣ ገበያሽን ነው ያቆምሽው።»

«እንግዲያው ከነሱ የተሻለ አድርጌ እጭነዋለሁ» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ በሌላው ገበያ ነው። ጧት ስመጣ በድምጽ ማጉያዋ ያው ከበሮ ይደልቃል። ተሸነፈች አልኩ በልቤ። ሰውዬው «የዓለም ሳይንቲስቶች አረጋግጠዋል» አለ። ወዲያው ቀጥ አለ። አፉን እንደከፈተ ምስሉ ደረቀ። በላዩ ላይ የኡምኩልሱም ድምጽ፣ ያ የወግዲ ድምጿ፣ ገባ። «ቆይ አንተ ሰውዬ! በማን ላይ ነው ያረጋገጡት? በአይጥ ነው። ስኳር ያለባት አይጥ ያላችሁ ትጠጣ።»

ሰውዬው ቀጠለ፤ «መርፌውን ዛሬውኑ ጣሉት»። እንደገና ቀጥ። «የትኛው ጥናት ነው ጣሉ ያለው? ስሙን ጥራልኝ። እጠብቅሃለሁ።» ብዙ ጠበቀች። ሰውዬው አፉን ከፍቶ እንደቆመ ነው። «አያችሁ? መልስ የለውም።»

እነዚያ ሦስቱ ሰዎች ሲያለቅሱ ደግሞ «እሰይ፣ ድናችሁ ከሆነ አላህ ይጨምርላችሁ» አለች። «ስንት ሰው ጠጥቶ ነው እናንተ ሦስት የዳናችሁት? ጥለው የሞቱትንስ ማን ቀረጻቸው? የሞተ ሰው መጥቶ አልዳንኩም አይል።» በመጨረሻም ረጋ ብላ፣ ዘይቱን የወደደ ይጠጣ፣ እኔም ጥቁር አዝሙድ እወዳለሁ፤ መርፌውንና ክኒኑን ግን ሀኪሙ ካላቆመው ማንም እንዳያቆም አለች።

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ሰው ከአብዱራህማን ሱቅ ተመልሶ ወደ እሷ ተሻገረ። ዘይቱን የሚያምኑትም ጭምር ለሳቁ ብለው አስጫኑት። የከበሮው ዜና በሄደበት መንገድ፣ በየበቅሎውና በየጭነት መኪናው፣ የእሷም ተከትሎ ወጣ።

ኪዳነማርያም ከሱቁ ወጥቶ እየተንደረደረ መጣ። «ስሜን አጠፋሽው!»

«ስምዎን የት ጠራሁት?»

«አንች ሙስሊም ሆነሽ የነቢዩን መድኃኒት ትክጃለሽ?»

ኡምኩልሱም ተነስታ ቆመች። ቁመቷ አጭር ነው፣ ያን ቀን ግን አላጠረችብኝም። «አልካድኩም አቶ ኪዳነማርያም። ነቢዩ መርፌ ጣሉ ያሉበትን ያምጡልኝና እኔ ራሴ በድምጽ ማጉያ አነበዋለሁ። ታከሙ ነው ያሉን። ሐዲሱን ለእኔ ይተዉልኝና እርስዎ ሱቅዎን ይጠብቁ፣ ፍየል ገባበት።»

እውነትም ገብቶበት ነበር። ሰውዬው እየረገመ ሮጠ።

እንዲህ ስንስቅ ሰነበትን። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ስመኝ ግን በኡምኩልሱም ደጅ ማለፉን ትታ በማዶ ነበር የምትሄደው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በእኔ በኩል ዞራ መጣች፣ የትንሳኤን የደንብ ልብስ ጉርድ ይዛ።

«ጋሽ ምንይችል፣ ይችን ወገቧን ያጥብቡልኝ።»

ጉርዱን አየሁት። የራሴ ስፌት ነው፣ ያውም በቅርቡ አንዴ አጥብቤዋለሁ። «ምነው ስመኝ? ይሄን ያጠበብኩት አሁን አይደለም እንዴ?»

ወደ ኡምኩልሱም በኩል ገልመጥ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እየወጣላት ነው። መርፌውን መጀመሪያ ቀነስንላት፣ አሁን ጨርሰን ተውነው። ታስመልሳለች፣ ውሃውን ብትጠጣው ብትጠጣው አትረካም። ዛሬማ ከአልጋም አልተነሳችም። ተመስገን፣ ስኳሩ እየወጣ ነው።»

ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። ይህን መቼም አልረሳውም፤ ልጇ እየሞተችባት እሷ ደስ ብሏት ነበር። መቀሴን ጣልኩና ባለ በሌለ ድምጼ «ኡምኩልሱም!» ብዬ ጮህኩ።

ስመኝ ቤት በባጃጅ ነው የደረስነው፣ ስመኝ መንገዱን ሙሉ እየተራገመች። ልጅቱ ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች፣ ሩቅ ዳገት ወጥታ የቆመች ይመስል በላይ በላዩ ትተነፍሳለች። ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ሙዝ ይሸታል። ኡምኩልሱምን ስታይ በቀጭን ድምጽ «እማ መርፌዬን ደብቃብኛለች» አለቻት።

«ውጡልኝ ከቤቴ!» አለች ስመኝ፣ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ። «አበቡ ሳታውቅ የትም አትሄድም!»

ልጅቱን አፋፍሰን እንዳንወጣ እናትየዋ ጩኸቷን ለቃለች፣ ጎረቤት እየተሰበሰበ ነው፣ ከጎረቤቱም ግማሹ ዘይቱን ጠጪ ነው። ኡምኩልሱም «ይደውሉላታ!» አለቻት። «አሁኑኑ ይደውሉላት። እኔ አናግራታለሁ።»

ተደወለ። አበቡ አነሳችው። ነገሩን ስትሰማ ለመቆጣት ጊዜ አልፈጀባትም። «አንች ማነሽ? እህቴን የማሳክማት እኔ ነኝ! እዚህ የምቃጠለው ለእነሱ ነው!»

«አውቃለሁ እህቴ» አለች ኡምኩልሱም። ያን ያህል ለስልሳ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «እኔም ጅዳ ተቃጥያለሁ። የምሠራበት ቤት ማዳም ስኳር ነበረባት። ጥቁር አዝሙዱን ጧት ጧት በማር ትበላለች፣ ማሩም አንችና እኔ የማንቀምሰው ዓይነት ነው። እሱን በልታ አፏን ትጠርግና ክንዷን ትዘረጋልኛለች፣ መርፌዋን ልወጋት። አንድም ቀን አላቋረጠችም። እስቲ አንች ያለሽበት ቤት ስኳር ያለበት ሰው አለ?»

 ከስልኩ ወዲያ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ባባ፣ አሠሪዬ፣ አለበት» አለች አበቡ።

«ጥቁር አዝሙድ ይበላል?»

«ይበላል። እኔ ነኝ የማቀርብለት።»

«መርፌውንስ ትቷል?»

 የትንሳኤ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ አበቡ «ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው» አለች፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «ዛሬም ጧት ተወግቷል። እኔ ነኝ ያቀበልኩት።» ቀጥላ ጮኸች። ያ ጩኸት ከኩዌት ሳይሆን ከጓዳው የመጣ ነበር የመሰለኝ። «እማ! እማ፣ ሀኪም ቤት ውሰጃት! ውሰጃት እማ!»

ስመኝ እጇን ከበሩ አወረደች። ትንሳኤን ያዘልኳት እኔ ነኝ። የሰፋሁላት ጉርድ ልክ የት እንደሄደ ጀርባዬ ላይ አወቅኩት፣ ምንም አትከብድም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሀያት አንድ ቃል አልተቆጣችም፤ ጊዜም አልነበራትም። ግሉኮስ በሉት ኢንሱሊን በሉት፣ እኔ የማውቀው ቱቦ እንደተተከለላትና ኡምኩልሱም መሬት ላይ ተቀምጣ ዱዓ ስታደርግ፣ ስመኝ አጠገቧ ስታማትብ መዋላቸውን ነው። ክፉው ቀን አለፈ። ልጅቱ ቀስ በቀስ ዓይኗን ገለጠች፣ ምግብ ጠየቀች።

ልንጠይቃት የገባን ዕለት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ስመኝ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጣለች፣ አበቡ ከኩዌት ታለቅሳለች፣ ይቅር በይኝ እያለች። ሀያት መድኃኒቱን አምጥታ ስትሰጥ ስመኝ እጇን ዘረጋች።

«የኔ ዓለም፣ ቤት ስንሄድ የት ላስቀምጥልሽ?»

ትንሳኤ መድኃኒቱን ከሀያት እጅ ራሷ ተቀበለችና ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው።

«አንች አታስቀምጭልኝም እማ» አለች። «እኔ አስቀምጠዋለሁ። የት እንዳስቀመጥኩትም አልነግርሽም። ለአበቡም አልነግራትም።»

እኛ አገር ልጅ ለእናቷ እንዲህ ብላ ስትመልስ ትልቅ ሰው ዝም አይልም፤ ነውር ነው ይላል፣ ጆሮ የሚቆነጥጥም አይጠፋም። ክፍሉ ውስጥ አራት ትልልቅ ሰዎች ነበርን፣ ስልኩ ላይ ደግሞ ታላቅ እህቷ አለች። ማናችንም አልተቆጣናትም።